የልብ ሐኪም ዘንድ የመጀመሪያው ቀን፦ ምን ይዘው ይሂዱ፣ ምን ይጠብቅዎታል?

ከጤና ጣቢያ ወይም ከአጠቃላይ ሆስፒታል «የልብ ሐኪም ይይዎት» ተብሎ ሪፈር ሲጻፍ፣ ብዙ ሰው ወረቀቱን ይዞ የሚወጣው መርዶ እንደሰማ ሆኖ ነው። ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ግን አብዛኛውን ጊዜ መልስ የሚፈልግ ጥያቄ ነው። ግፊቱ በሁለት ዓይነት መድኃኒት አልወርድ ብሏል፤ በማዳመጫ ያልተለመደ ድምፅ ተሰምቷል፤ ኤሲጂው (የልብን ኤሌክትሪክ የሚያነበው ምርመራ) ላይ ያልጠራ ነገር ታይቷል፤ ነፍሰ ጡሯ ትንሽ ስትራመድ ትንፋሽ ያጥራታል፤ ወይም ለሌላ ሕመም ቀዶ ሕክምና ሊደረግ ስለሆነ ልብ ማደንዘዣውን ይችል እንደሆነ መታየት አለበት። የጻፈልዎትን ባለሙያ «ለምንድን ነው የላኩኝ?» ብለው ይጠይቁና መልሱን በአማርኛ ማስታወሻዎ ላይ ያስፍሩት።

በአገራችን የልብ ስፔሻሊስቶች ጥቂት ናቸው፤ እነሱም አዲስ አበባና በትልልቅ ከተሞች ያሉ ሪፈራል ሆስፒታሎች ውስጥ ተሰብስበዋል። ቀጠሮው ይርቃል፤ ሲደርስ ደግሞ ሐኪሙ ፊት የሚቀመጡበት ጊዜ ያጥራል። ያንን አጭር ጊዜ ብዙ ሕመምተኛ «ማሽን ይታዘዝልኝ» በሚል ያሳልፈዋል። የትኛው ማሽን እንደሚያስፈልግ፣ ማሽኑ ያሳየው ነገርስ ምን ማለት እንደሆነ የሚለየው ግን እርስዎ በሚናገሩት ዝርዝር ነው። የዚህ ጽሑፍ አብዛኛው ክፍል ስለ ዝርዝሩ የሆነው ለዚህ ነው።

ቀጠሮ የማይጠብቁ ነገሮች

ቀጠሮዎ ከሁለት ወር በኋላ ነው እንበል። በመካከሉ ደረትን የሚጫን ሕመም መጥቶ አርፈው ተቀምጠውም ከ15 ደቂቃ በላይ ካልለቀቀ፣ በተለይ ቀዝቃዛ ላብ ካጠመቀዎት፣ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ራስን መሳት፣ ተቀምጠው እያሉ ትንፋሽ ማጣት፣ አፍ መጣመም፣ የአንድ ጎን እጅ ወይም እግር መዛል፣ ምላስ መያያዝም እንዲሁ ናቸው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። አምቡላንስ ከዘገየ በተገኘው መኪና ይሂዱ፤ ራስዎ ግን አይንዱ።

«ልቤን» ሲሉ የትኛውን ማለትዎ ነው?

አማርኛችን ልብን ለብዙ ነገር ይጠራታል። «ልቤን ያቃጥለኛል» የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው ስለ ጨጓራ አሲድ ነው። በአንጻሩ የልብ ሕመም ይዞት «ጨጓራዬ ተነሣብኝ» እያለ ለወራት ኦሜፕራዞል ሲውጥ የሚከርም ሰው አለ። ስለዚህ ከቃሉ ይልቅ በእጅዎ ያሳዩ። በአንድ ጣት ጫፍ የሚጠቆም፣ ሲጫኑት የሚያም፣ አየር ሲስቡ የሚወጋ ሕመም ብዙ ጊዜ የጡንቻ ወይም የጎድን አጥንት ነው። ሙሉ መዳፍ ወይም ጭብጥ ደረት መሐል ተደርጎ «እዚህ ጋ ይጫነኛል፣ ያፍነኛል» የሚባለው፣ ዳገት ሲወጡ መጥቶ ቆም ሲሉ በጥቂት ደቂቃ የሚለቀው፣ ወደ ግራ ክንድ፣ ወደ አንገት ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄደው ግን ልብን የሚመግቡት የደም ሥሮች መጥበባቸውን ያስጠረጥራል። በሴቶች፣ በዕድሜ በገፉና በስኳር ሕሙማን ላይ ሕመሙ ሳይኖር ትንፋሽ ማጠርና ያልተለመደ ድካም ብቻ ሊሆን ይችላል።

«የልብ ድካም» የሚለውም ያምታታል። በዜና «በልብ ድካም ሕይወቱ አለፈ» ሲባል የምንሰማው ብዙውን ጊዜ ስለ ሃርት አታክ ነው፤ የልብን ጡንቻ የሚመግብ የደም ሥር በድንገት ሲደፈን የሚመጣው። ሐኪም ቤት ውስጥ የልብ ድካም ማለት ልብ ሰውነት የሚፈልገውን ያህል ደም መርጨት ሲያቅተውና ውኃ በሳንባና በእግር ሲጠራቀም ነው። መድኃኒቱን በአግባቡ እየወሰዱ ዓመታት የሚኖሩበት ሕመም ነው። «የልብ ድካም አለብዎት» ሲባሉ በዜናው ትርጉም ሰምተው ተስፋ እንዳይቆርጡ። «ደም ብዛት»ም የደም መትረፍረፍ ሳይሆን የግፊት መጨመር ነው፤ ስለዚህ ደም ብዛት ያለበት ሰው ደም ማነስም ሊኖርበት ይችላል።

አሜሪካ ለምትኖሩ ደግሞ ይህ የቃላት ነገር የበለጠ ይከብዳል፤ «የልብ ድካም» በስህተት ተተርጉሞ ያልነበረ ሃርት አታክ ፋይል ላይ ሊሰፍር ይችላል። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚያገኙ ሆስፒታሎችና ክሊኒኮች ያለ ክፍያ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። ቀጠሮ ሲይዙ «የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ይበሉ። ልጅን ማስተርጎም አይገባም፤ ልጁ የሕክምናውን ቃል አያውቀውም፣ እርስዎም በልጅዎ ፊት የማይናገሩት ነገር ይኖራል።

ፌስታሉ ውስጥ ምን ይግባ?

የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ከነእሽጋቸው በአንድ ፌስታል ይዘው ይሂዱ። «ነጯን በጠዋት፣ ቢጫዋን ማታ» ቢሉ ሐኪሙን አይረዳውም፤ የግፊት፣ የሽንትና የስኳር ኪኒኖች ብዙዎቹ ነጭ ናቸው፣ ፋብሪካው ሲለወጥም መልካቸው ይለወጣል። ፌስታሉ ውስጥ ያለሐኪም ትእዛዝ የገዙትም ይግባ። በተለይ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን። ለወገብና ለጉልበት ተብለው በመርፌም በኪኒንም እንደ ቀላል ነገር ይወሰዳሉ፤ ነገር ግን ጨውና ውኃ በሰውነት ውስጥ ያስቀራሉ፣ ግፊት ይጨምራሉ፣ ኩላሊትን ይጎዳሉ፣ የልብ ድካም ያለበትን ሰው ደግሞ ሆስፒታል ሊያስተኙት ይችላሉ። በሁለት መድኃኒት አልወርድ ያለ ግፊት ምክንያቱ አንዳንዴ ይኸው ነው። ሽፈራው፣ ነጭ ሽንኩርት በማር፣ ከባህል ሐኪም የተሰጠ ዱቄት ካለም ሳያፍሩ ይናገሩ። ጫት፣ ሲጋራና አረቄም መጠናቸው ጭምር ይነገር፤ ጫት የልብ ምትንም ግፊትንም ይጨምራል።

የቆዩ ውጤቶችን፣ ኤሲጂም ሆነ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ወይም የላቦራቶሪ፣ በቀን አሰልፈው ይያዙ። ቤት ውስጥ የግፊት መለኪያ ካለ ከቀጠሮው በፊት ባሉት 7 ቀናት ጠዋት መድኃኒት ከመውሰድዎ በፊት 2 ጊዜ፣ ማታም 2 ጊዜ፣ በመካከሉ 1 ደቂቃ እያረፉ ለክተው ሁሉንም ይጻፉ። ጥሩ ጥሩዎቹን መርጦ መጻፍ ራስን ማታለል ነው። መለኪያውንም ይዘው ቢሄዱ ከሆስፒታሉ ጋር ይመሳከራል። በጤና መድን የሚታከሙ ከሆነ የሪፈር ሰንሰለቱን ይከተሉ፤ አቋርጠው ከሄዱ ወጪው ከኪስዎ ሊሆን ይችላል።

የቀጠሮው ዕለት ጠዋት

ለኤሲጂና ለተራው ኢኮ ባዶ ሆድ አያስፈልግም፤ ቁርስዎን ይብሉ። የጾም የደም ስኳር ከታዘዘ ብቻ ነው ቢያንስ 8 ሰዓት ያለምግብ መቆየት የሚያስፈልገው፤ ውኃ ይጠጣል። የግፊት ኪኒንዎን እንደወትሮው ይዋጡ። «ሐኪሙ ትክክለኛውን ግፊቴን ይይልኝ» ብሎ መድኃኒት ዘሎ መሄድ የተለመደ ስህተት ነው፤ ሐኪሙ ሊያይ የሚፈልገው መድኃኒቱ እየሠራ መሆን አለመሆኑን ነው። የሽንት ኪኒን፣ ለምሳሌ ላሲክስ፣ የሚወስዱና ረጅም የአውቶቡስ መንገድ ያለባቸው ሰዎች ግን ያን ዕለት ሲደርሱ መዋጥ ይችሉ እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ። ቡናውን ግፊት ከመለካትዎ 30 ደቂቃ በፊት ያቁሙ።

ደረት ላይ ቅቤ፣ ቫዝሊን ወይም ሎሽን አይቀቡ፤ የኤሲጂው ተለጣፊ አይዝም። ልብስዎ ከላይና ከታች የተለያየ ይሁን፤ ሙሉ ቀሚስ ለብሶ ደረት ማስመርመር ያስቸግራል። ሴቶች ነጠላ ወይም ሻሽ ቢይዙ ምርመራው ባልደረሰበት በኩል ይሸፈኑበታል። ሴት ባለሙያ እንድትሠራዎት መጠየቅም ነውር የለውም፤ ካለች ትመጣለች።

መጀመሪያ ነርሷ ጋ

ክብደት፣ ቁመት፣ የልብ ምት፣ የኦክስጅን መጠንና ግፊት ይለካሉ። አንድ ነገር ይወቁ፤ ባሕር ጠረፍ ላይ 98 የሚያነበው የጣት መሣሪያ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ በጤነኛ ሰው 93 ወይም 94 ሊያሳይ ይችላል። ከቆላ ወይም ከዐረብ አገር በቅርቡ ከመጡ ደግሞ ይናገሩ፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከፍታው ራሱ ትንፋሽ ያሳጥራል።

ግፊት አለካክ ላይ ግን ደፈር ይበሉ። ከመለካትዎ በፊት 5 ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጡ፤ ጀርባዎ ይደገፍ፣ እግርዎ ሳይነባበር መሬት ይርገጥ፣ ክንድዎ ጠረጴዛ ላይ በልብዎ ልክ ይረፍ፣ ጨርቁ በሹራብ ላይ ሳይሆን በባዶ ክንድ ይታሰር። ሽንት ከያዘዎት መጀመሪያ ይሽኑ፤ ሲለካም አያውሩ። ከእነዚህ አንዱ ሲጓደል ንባቡ ከፍ ይላል። ጨርቁ ለወፍራም ክንድ ከጠበበም እንዲሁ። በመጀመሪያው ቀን በሁለቱም ክንድ መለካት አለበት፤ ልዩነቱ ከ10 በላይ ከሆነ ከፍ ያለው ክንድ ከዚያ በኋላ መለኪያው ይሆናል።

ሐኪሙ ጋ፦ ጥያቄው

«ትንፋሽ ያጥረኛል» በቂ አይደለም። ምን ሲሠሩ? ኮንዶሚኒየሙን ስንተኛ ፎቅ ላይ ሲደርሱ ይቆማሉ? እንጀራ ሲጋግሩ፣ ውኃ ሲያመላልሱስ? ባለፈው ሁዳዴ ስግደቱን ሳያርፉ ይጨርሱ ከነበረና ዘንድሮ መሐል ላይ ከተቀመጡ፣ ይህ ለሐኪሙ እንደ አንድ ምርመራ ውጤት ነው። ማታ በስንት ትራስ ይተኛሉ? በአንድ ይተኛ የነበረ ሰው ሦስት ከደረበ፣ ሌሊት ታፍኖ ተነሥቶ መስኮት ከከፈተ፣ ሳንባው ውኃ መያዝ መጀመሩን ይጠቁማል። ጫማ ማታ ማታ ይጠብቃል? የእግር እብጠት አምሎዲፒን የተባለው የግፊት መድኃኒትም ሊያመጣው ስለሚችል መቼ እንደጀመረና ኪኒኑ መቼ እንደተጀመረ ያስታውሱ።

«ልቤ ይመታል» ካሉ፣ ምቱን በጣትዎ ጠረጴዛ ላይ ያንኳኩት። ሥርዓት ያለው ፈጣን ነው? የተዘበራረቀ ነው? ወይስ አንዴ ዘሎ የሚመለስ? በድንገት ይጀምራል ወይስ ቀስ በቀስ? ሐኪሙ ከዚህች ማንኳኳት ብዙ ይረዳል። ራስዎን ስተው ከሆነ ያየዎትን ሰው ይዘው ይሂዱ፤ እርስዎ አያስታውሱትም።

ከዚያ ስለ ቤተሰብ ይጠየቃሉ። ወንድ ከ55 ዓመት፣ ሴት ከ65 ዓመት በፊት የልብ ሕመም የያዘው ወይም በድንገት የሞተ የቅርብ ዘመድ አለ? «ሟርት ነው፣ ቡዳ ነው» ተብሎ የታለፈ የወጣት ድንገተኛ ሞት ካለም ይነገር። ሴቶች በእርግዝና ጊዜ ግፊት ነበረብዎት? በልጅነትዎስ ቶንሲል ይመላለስብዎት፣ መገጣጠሚያዎ እየተፈራረቀ ያብጥ ነበር? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ እኛ አገር ትልቅ ስለሆነ እመለስበታለሁ።

ምርመራው ራሱ አያሳምምም። በግማሽ ተንጋለው አንገትዎ ላይ ያለው የደም ሥር ይታያል፤ እስከየት እንደሞላ ልብ ላይ ያለውን ጫና ይናገራል። ሐኪሙ በማዳመጫው ቢያንስ አራት ቦታ ያዳምጣል፤ በግራ ጎን ተኙ፣ ወደፊት ጎንበስ ብለው አየር ያስወጡ ይላል፤ አንዳንዱ የቫልቭ (በልብ ውስጥ ያለው የደም በር) ድምፅ የሚሰማው እንዲህ ሲሆን ብቻ ነው። ቅልጥምዎን በአውራ ጣት ተጭኖ ጉድጓድ ይቀር እንደሆነ ያያል። ሐኪሙ ሲያዳምጥ ዝም ብሎ መቆየቱ ክፉ ነገር ስላገኘ አይደለም፤ እየቆጠረ ነው።

ኤሲጂ እና ኢኮ

ኤሲጂ 10 ሽቦ አለው፤ 4ቱ በእጅና በእግር፣ 6ቱ በደረት ላይ። ወደ ሰውነትዎ ኤሌክትሪክ አያስገባም፤ ልብ ራሷ የምታመነጨውን ያነባል። ማሰሩና መፍታቱ ተደምሮ ከ10 ደቂቃ አያልፍም፤ የሚቀዳው ግን ብዙ ጊዜ የ10 ሰከንድ ምት ብቻ ነው። በሳምንት አንዴ የሚመጣ የልብ ምት መዛባት በዚያች 10 ሰከንድ ላይመጣ ይችላል። ስለዚህ «ኤሲጂው ደህና ነው» ማለት «ምንም የለብዎትም» ማለት አይደለም። ብርድ ይዞዎት ከተንቀጠቀጡ ወይም ካወሩ መስመሩ ይበላሻል፤ ይደገማል።

ኢኮ ነፍሰ ጡሮች የሚያዩት ዓይነት አልትራሳውንድ ነው፤ ጨረር የለውም። በግራ ጎን አስተኝተው ቀዝቃዛ ጄል ቀብተው በጎድን አጥንቶች መሐል መሣሪያውን ይጫናሉ። ከ20 እስከ 45 ደቂቃ ይፈጃል። የሚሰማዎት «ሹ…ሹ…» የሚል ድምፅ የደም ፍሰት ነው።

ውጤቱ ላይ ሰው ሁሉ የሚያነበው ኢኤፍ የሚለውን ቁጥር ነው። ኢኤፍ 60 ከመቶ ተብሎ ሲያዩ «ልቤ 40 ከመቶ ሞቷል» ብለው የሚያለቅሱ አሉ። እንዲህ ነው፤ የልብ ግራ ክፍል ሲሞላ 120 ሚሊ ሊትር ደም ያዘ እንበል። በአንድ ምት 72ቱን ረጨ፣ 48ቱ ውስጥ ቀረ። 72 ለ120 ሲካፈል 60 ከመቶ ይሆናል። ጤነኛ ልብ መቼም ሙሉ በሙሉ ባዶ አይሆንም፤ ከ55 እስከ 70 ያለው ጤነኛ ነው። 40ና ከዚያ በታች ሲሆን የመርጨት አቅሙ ቀንሷል ይባላል። አንድ ሰው ዛሬ 55፣ ከስድስት ወር በኋላ 52 ቢባል ወርዷል ማለት ላይሆን ይችላል፤ የለኪው እጅ ብቻ ያን ያህል ልዩነት ያመጣል። «ትሬስ» (እጅግ ጥቂት) ወይም «ማይልድ» (ቀላል) የተባለ የቫልቭ ፍሳሽም በጤነኛ ሰው ላይ ይገኛል። በራሱ አያስፈራም።

ደም ምርመራው ሄሞግሎቢን፣ ኩላሊት፣ ፖታሲየም፣ ስኳር፣ ኮሌስትሮልና የእንቅርት ሆርሞንን ይመለከታል፤ የደም ማነስና የእንቅርት ሕመም ልብን ስለሚያስሮጡ ነው። ሆልተር የሚባል ለ24 ወይም ለ48 ሰዓት የሚታሰር መቅጃ ከታዘዘ ገላ አይታጠቡ፣ ምቱ የተዛባበትንም ሰዓት ይጻፉ። እዚህ ላይ የሚያጋጥም ስህተት አለ፤ መሣሪያው በፈረንጅ ሰዓት ይሠራል። እርስዎ «ከሌሊቱ 8 ሰዓት» ያሉት ለመሣሪያው 2 ሰዓት ነው። «በኢትዮጵያ ሰዓት» ብለው ካልጻፉ አንባቢው የተሳሳተ ቦታ ይፈልጋል።

የቶንሲሉ ጉዳይ

በእኛ አገር በወጣቶች ላይ ለሚታየው የቫልቭ ሕመም ዋናው ምክንያት ሩማቲክ ነው። በልጅነት በስትሬፕቶኮከስ ባክቴሪያ የሚመጣ የጉሮሮ ሕመም ሳይታከም ሲቀር፣ የሰውነት መከላከያ ባክቴሪያውን ሲዋጋ የራሱን ቫልቭም ይመታል። በየጊዜው ሲመታ ቫልቩ ይጠነክራል፣ ይጣበቃል ወይም ያፈሳል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዳው ሚትራል የተባለው ነው። ሕመሙ ከተገኘ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ለአዋቂ 1.2 ሚሊዮን ዩኒት በየ21 ወይም በየ28 ቀኑ ይወጋል። «ስወጋ ከረምኩ፣ አልዳንኩም» ብለው የሚያቋርጡ ብዙ ናቸው። መርፌው የተጎዳውን ቫልቭ አይጠግንም፤ ሥራው ቫልቩ ዳግም እንዳይመታ ማድረግ ነው። ቫልቭ ላይ ጠባሳ ካለ ቢያንስ ለ10 ዓመት ወይም እስከ 40 ዓመት ዕድሜ፣ የሚረዝመው ተወስዶ፣ ይቀጥላል። አንድ ሳምንት ማሳለፍ ጉዳት አለው፤ መድኃኒቱ በደም ውስጥ የሚመናመነው በመጨረሻዎቹ ቀናት ነው። ቫልቩ ክፉኛ የተጎዳ ሰው በመርፌው ዕለት በልቶና ውኃ ጠጥቶ ይሂድ፣ ተኝቶ ይወጋ፤ ለአንዳንዱ ሐኪሙ በኪኒን ሊቀይረው ይችላል።

ሚትራል ቫልቭ የጠበበባት ሴት ከማርገዝዋ በፊት ሐኪሟን ማማከር አለባት። በእርግዝና የደም መጠን ወደ ግማሽ ያህል ስለሚጨምር፣ ያለ ምልክት የኖረው ጥበት በአምስትና በስድስት ወሯ ትንፋሽ ያሳጥራታል። ባለቤቷና አማቷ «ውለጂ» ከማለታቸው በፊት ይህን ቢሰሙ መልካም ነው፤ አብረው ይምጡ።

ሳይወጡ በፊት

አራት ነገር በወረቀት ተጽፎ ይሰጥዎት፦ የሕመሙ ስም፣ የመድኃኒቱ ስምና ሰዓት፣ ቀጣይ ቀጠሮ፣ ባሰብኝ ካሉ የት እንደሚሄዱ። የሚጾሙ ከሆነ በጾም ወራት መድኃኒቱ በስንት ሰዓት እንደሚወሰድ ያኔውኑ ይጠይቁ፤ ሐኪሞች ሰዓቱን ማስተካከል ወይም በቀን አንዴ የሚወሰድ መምረጥ ይችላሉ። የግፊት መድኃኒቱ ኢናላፕሪል ደረቅ ሳል ቢያመጣብዎ ደውለው ያስቀይሩ፤ እርግዝና ላይ ደግሞ አይወሰድም። የልብን ምት የሚያረግቡትን አቴኖሎልና ሜቶፕሮሎልን በድንገት ማቋረጥ ልብን ያስደነብራል። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ዋርፋሪን ከታዘዘ አይኤንአር የሚባለው የደም ምርመራ ለብዙ ሰው ከ2 እስከ 3 መሆን አለበት፤ ጎመን መተው አያስፈልግም፣ በየሳምንቱ ተመሳሳይ መጠን መብላት ነው። ዲክሎፌናክ መርፌ ግን ፈጽሞ አይወጉ።

የኤሲጂው ወረቀት የሚታተመው በሙቀት በሚጠቁር ወረቀት ላይ ነው። ብዙ ሰው እንዳይበላሽበት ብሎ ላሚኔት ያስደርገዋል፤ ማሽኑ ሲያሞቀው ሙሉ በሙሉ ይጠቁራል። ፀሐይ ላይ ካደረም ይደበዝዛል። ስምዎና ቀኑ እንዲታይ አድርገው የወጣ ዕለት በስልክ ፎቶ ያንሡት፣ ለአንድ የቤተሰብ ሰውም ይላኩለት። ከሦስት ዓመት በኋላ ድንገተኛ ክፍል ገብተው አዲሱ ኤሲጂ ላይ አንድ ነገር ሲታይ፣ ያ ነገር ዛሬ የመጣ ይሁን ድሮም የነበረ የሚለየው ከዚያ ፎቶ ጋር ተነጻጽሮ ነው።